ወተት በጉንጬ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ዙሪያ የማሽላ ዘር ታሪክ

ከደሴ ተነስቶ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ደሴ ጦሳን ተንተርሳ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትቀመጥ፣ ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር አካባቢ በቦርከና ሸለቆ ተዘርግታለች። ላይኛው አገር ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ያበቅላል። ታች ሲደረስ ማሳው ጤፍና ማሽላ ይሆናል። በደቡብ ሐርቡና ቃሉ፣ በምሥራቅ ባቲ፣ በሰሜን ተሁለደሬና ወረባቦ የማሽላ አገር ናቸው። ቁልቁለቱ በወረደ ቁጥር ዝናቡ ያጥራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ የሚያምረው የማሽላ ዓይነትም ይለወጣል። አንዱ ቀበሌ የሚወደው ዘር ከተራራው ማዶ ላለው ላይሆን ይችላል። የአካባቢው ማሽላ እንዲህ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ማሽላ ከሰው ጋር የኖረበት ዘመን ረጅም ነው። በምሥራቅ ሱዳን ከሰላ አካባቢ በተገኘ የሸክላ ስባሪ ላይ የማሽላ ገለባ አሻራ ታትሞ ተገኝቷል። ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ አራተኛው ሺህ ዓመት የሚደርስ ሲሆን፣ ሰው ማሽላን ማላመድ እንደጀመረ የሚያሳይ ቀደምት ማስረጃ ነው። ከዚያ በኋላ እህሉ ወደ ኢትዮጵያ ደጋማ ዳርቻዎች ሲወጣ ብዙ መልክ ያዘ። ሩሲያዊው የእጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ከጎበኘ በኋላ፣ አገሪቱን የሰብል ዝርያዎች ከመነጩባቸው የዓለም ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። የወሎ አርሶ አደር ግን ቫቪሎቭ ሳይመጣ በፊት የራሱ መዝገብ ነበረው፤ መዝገቡም ስሞቹ ናቸው።

ዘንጋዳ የጠቆረና የመረረ ነው። ወፍ አይደፍረውም፤ ለጠላ ይፈለጋል። ጥንቅሽ አገዳው እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ ሲሆን፣ የሚዘራውም ከፍሬው ይልቅ ለልጆች አፍ ነው። ጅጉርቴ፣ ደጋሊት፣ ጨረቂት፣ ጋን ሰበር እያለ ዝርዝሩ ይቀጥላል። ከእነዚህ ሁሉ ግን ሁለቱ በዓለም የሳይንስ ታሪክ የራሳቸውን ቦታ ይዘዋል፤ አንዱ ማርጩቄ፣ ሌላው ወተት በጉንጬ። ስማቸው ጣዕማቸው ነው። የመጀመሪያው ሲታኘክ ማር ይጨምቃል እንደማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እሸቱ ጉንጭ ውስጥ ሲፈርጥ ወተት ይሆናል።

የማሽላ ዘር አመራረጥ ደንብ አለው። ማሽላ በሚያዝያ ዝናብ ተዘርቶ፣ በክረምት በሽልሻሎ ተኮትኩቶና ሳስቶ፣ ከማማ ላይ በወንጭፍ ከግሪሳ ተጠብቆ ኅዳር ላይ ይደርሳል። አርሶ አደሩ ከማጨዱ በፊት ማሳውን ዞሮ ያያል። ዛላው የሞላ፣ አገዳው ያልተሰበረ፣ አረማሞ ያልነካውና ግንደ ቆርቁር ያልበላው ሲገኝ ምልክት ይደረግበታል ወይም ቀድሞ ይቆረጣል። የተመረጠው ዛላ ከሌላው ጋር አይወቃም። እቤት ገብቶ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጭሱ ነቀዝን ያርቃል፣ ሙቀቱም ያደርቀዋል። እስከ ሚያዝያ ድረስ እዚያው ይቆያል። ምርጫው የወንዱ ብቻ አይደለም። የትኛው እንጀራ እንደሚሆን፣ የትኛው ሲቀመጥ እንደሚነቅዝ፣ የትኛው ዱቄቱ እንደሚበዛ የምታውቀው ማጀት የምትውለዋ ሴት ስለሆነች፣ ዛላው ከምድጃው በላይ ሲሰቀል የእሷም ፍርድ አብሮ ተሰቅሏል።

ይህ ልማድ ከሳይንስ አንፃር ምን እንደሆነ ለመረዳት የማሽላን አበባ ማየት ያስፈልጋል። የማሽላ አበባ ወንዴውንም ሴቴውንም አንድ ላይ ይዟል። አብዛኛው ፍሬ የሚቋጠረው ከራሱ ብናኝ ሲሆን፣ ከጎረቤት ተክል በነፋስ የሚመጣው ብናኝ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ቢሆን ነው። ስለዚህ አንድ ዛላ መርጦ ለብቻው የሚዘራ አርሶ አደር፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚያገኘው ከእናቱ ብዙም የማይለይ ማሽላ ነው። ይህን እየደጋገመ አሥር ዓመት ቢቀጥል ዘሩ ከቅጂ ጋር ይቀራረባል። ሆኖም ቅጂው ሙሉ አይሆንም። ነፋስ የሚያመጣው ያ ትንሽ ድርሻ በየዓመቱ አዲስ ነገር ያገባበታል።

ሙሉ ቅጂ የማውጣት ዘዴ ክሎኒንግ ይባላል፤ የቃሉ መነሻም ማሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካዊው የእጽዋት ተመራማሪ ኸርበርት ዌበር፣ በቅርንጫፍ፣ በሥር ወይም በግንድ ተቆርጠው የሚባዙ ተክሎችን የሚጠራበት ስም ሲፈልግ፣ ቀንበጥ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ክሎን ብሎ ሰየማቸው። ወላጃቸው አንድ ስለሆነ የዘረ መል ልዩነት የላቸውም። በደቡብ ኢትዮጵያ እንሰት በዚህ መንገድ ይባዛል። በደሴ ዙሪያ ደጋ የሚበቅለው ድንችም እንዲሁ ነው። ድንችን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በትግራይ የኖረው ጀርመናዊው የእጽዋት ሰብሳቢ ቪልሄልም ሺምፐር መሆኑ ይነገራል። ከአንድ ድንች ተቆርጠው የተተከሉ ድንቾች ሁሉ አንድ ናቸው፤ በሽታ አንዱን ካሸነፈ ሁሉንም ያሸንፋል። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ የተራበችው ድሃው ሕዝብ በአንድ የድንች ዓይነት ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ነው። የእንስሳው ክሎኒንግ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዶሊ የተባለችው በግ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1996 ስኮትላንድ በሮዝሊን ተቋም ስትወለድ፣ ከአንዲት የበግ ጡት ህዋስ ኒውክለስ ተወስዶ 277 ጊዜ ተሞክሮ የተሳካው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ስለ ሰው ክሎኒንግ የነበረው ክርክር የጦፈው ከዚያ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ግን ማን ምንን የመቅዳት መብት አለው የሚለው ጥያቄ ከዚያ ሩብ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ በወሎ ማሽላ በኩል ገብቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ማንም እንደ ጥያቄ አልቆጠረውም እንጂ።

ማርጩቄና ወተት በጉንጬ ሲደርቁ መልካቸው አያምርም። ፍሬያቸው እንደ ሌላው ማሽላ ሞላ ብሎ አያብረቀርቅም፤ ጎድጎድና ጨምደድ ይላል፤ ሲሰበር ውስጡ ዱቄት ነው። ሚዛን ላይ ቀላል ናቸው፣ ምርታቸውም ዝቅ ይላል። ለንግድ የሚያስብ ሰው አይዘራቸውም ነበር። የተዘሩበት ምክንያት እሸታቸው ነው። በጥቅምት ፍሬው ገና ወተት ከመሆን ወደ ሊጥነት ሲያልፍ ዛላው ይቆረጥና ፍም ላይ ይደረጋል። ሲጠበስ ይንጣጣል፤ ከዚያ በመዳፍ ታሽቶ፣ እብቁ በእፍታ ተነስቶ ትኩሱን ወደ አፍ ይገባል። ከሌላ ማሽላ ጋር ተደባልቆ የሚበላበት ጊዜም አለ። በአካባቢው እነዚህ ዓይነቶች ሰፊ ማሳ አይይዙም፤ ከሌላው ማሽላ መሃል ተሰባጥረው ይዘራሉ።

ይህ መሰባጠር ዘሩን ሊያጠፋው ይችል ነበር፤ ያላጠፋበት ምክንያት በአርሶ አደሩ ዓይን ውስጥ አለ። የመጨምደዱን ባሕርይ የሚያመጣው አንድ ሥውር ዘረ መል ነው። ሥውር ማለት ከእናትም ከአባትም በኩል ካልመጣ አይታይም ማለት ነው። እንግዲህ በወተት በጉንጬ ዛላ ላይ የጎረቤት ማሽላ ብናኝ ያረፈበት ፍሬ ካለ፣ ያ ፍሬ ወዲያው ሞላ ብሎ ይወጣል። የተዳቀለው ለመታወቅ ሌላ ክረምት አይፈልግም፤ እዚያው ዛላ ላይ ከተጨማደዱት መሃል ተለይቶ ይታያል። የጨመደደውን ለዘር፣ የሞላውን ለእህል የሚያደርግ እጅ፣ ስሙን ሳያውቀው አንድን ዘረ መል ከትውልድ ወደ ትውልድ አጥርቶ አስተላልፏል። የሜንዴል የውርስ ሕግ በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ከመጻፉ በፊት በቃሉ ማሳ ውስጥ ሲሠራበት ኖሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የወሎ ማሽላ ናሙና ከአገር ወጥቶ በዓለም አቀፉ የማሽላ ስብስብ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚጠራው በቁጥር ሆነ። ወሎን ያስጠሩት፣ ፍሬያቸው የጨመደደው ሁለቱ ናሙናዎች አይኤስ 11167 እና አይኤስ 11758 ናቸው። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት የሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ላይሲን የበዛበት በቆሎ በማግኘቱ ይታወቅ ነበር። ላይሲን ከፕሮቲን መሥሪያዎች አንዱ ሲሆን የሰው ገላ ራሱ ሊሠራው አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት። የማሽላ ድክመት ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ካፊሪን የሚባለው ዋና ፕሮቲኑ ላይሲን የለውም ማለት ይቻላል። ማሽላ ብቻ የሚበላ ሕፃን ሆዱ እየሞላ ሊቀጭጭ የሚችለው በዚህ ነው። የአገሬው ማዕድ ለዚህ ጉድለት መላ አበጅቶለት ነበር፤ በላይሲን የበለጸገው የባቄላ፣ የአተርና የሽምብራ ሽሮ ከማሽላ እንጀራ ጋር ሲቀርብ አንዱ የሌላውን ይሞላል። ሽሮው የጎደለበት ቤት ነው ችግሩ።

ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል የተባሉ የፐርዱ ተመራማሪዎች 9,000 ከሚጠጋ የማሽላ ስብስብ ውስጥ ውስጣቸው ዱቄታማ የሆኑትን እየለዩ መረመሩ። ከዚያ ሁሉ መሃል ላይሲናቸው ጎልቶ የወጣው ሁለቱ የወሎ ናሙናዎች ሆኑ። ተራ ማሽላ ከመቶ ግራም ፕሮቲኑ ውስጥ ላይሲኑ ሁለት ግራም ገደማ ሲሆን፣ የእነዚህ ከሦስት ግራም በላይ ነበር። ጠቅላላ ፕሮቲናቸውም 15.7 እና 17.2 በመቶ ደረሰ። በወሎው ማሽላ የተቀለቡ አይጦች በተራው ማሽላ ከተቀለቡት ሦስት እጥፍ ያህል ክብደት ጨመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1973 ክሮፕ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ። ሕፃናትን ከመቀንጨር የሚያድን እህል ተገኘ ተብሎም ዓለም ተስፋ አደረገ።

እ.ኤ.አ. 1973 ግን በወሎ ሌላ ዓመት ነበር። ድርቁ የአፋር አርብቶ አደሮችንና የምሥራቅ ወሎ ቆላዎችን አስቀድሞ መታ። የተራቡ ሰዎች ከደሴ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ተኮልኩለው መኪና ያስቆሙ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በለንደን ታየ። ያ ረሃብና የተደበቀበት መንገድ ንጉሠ ነገሥቱን በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ካወረዱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በኋላ ይህን ረሃብ ሲመረምር ትኩረቱን የሳበው የደሴ ገበያ ነው። የእህል ዋጋ በደሴ ያን ያህል አልናረም፤ በአገር አቀፍ ደረጃም ምርቱ ያን ያህል አልወደቀም። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል የጫኑ መኪኖች ይወጡ ነበር። የጠፋው እህሉ ሳይሆን የገበሬው የመግዛት አቅም ነበር። ከብቱ አልቆ፣ ምርቱ ደርቆ፣ እጁ ላይ የሚሸጥ ነገር ያጣ ሰው ገበያ ላይ ማሽላ ቢከመርም አይበላም። በአንድ ዓመት ውስጥ የወሎ ማሽላ ምግብነቱ በአሜሪካ ቤተ ሙከራ ተመሰከረለት፤ ዘሩን ያቆዩት ሰዎች መንደሮች ደግሞ ተራቡ። ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኝ ሴራ አልነበረም፤ አንዱን ለሌላው የሚያደርስ መንገድ አለመኖሩ ግን ሊካድ አይችልም።

ተስፋው እንደታሰበው አልሄደም። የተጨማደደውን ባሕርይ ወደ ሌሎች ምርታማ ማሽላዎች ለማዛወር በተደረገው ጥረት፣ ላይሲኑ በመጣበት ሁሉ ዱቄታምነቱም ተከትሎ መጣ። ቀላል ፍሬ፣ ዝቅተኛ ምርት፣ ለነቀዝና ለሻጋታ መጋለጥ። ፐርዱዎች እ.ኤ.አ. በ1975 በኬሚካል አነሳስተው ፒ721 የተባለ ሌላ ዓይነት አወጡ፤ እሱም ከዚሁ ጣጣ አልዳነም። በኢትዮጵያ በኩል የማሽላ ማሻሻያ ፕሮጀክትን በዓለማያ የመሩት ብርሃነ ገብረኪዳን ከይልማ ከበደ ጋር በመሆን ወደ ወሎ ተመልሰው፣ ገበሬው እነዚህን ዓይነቶች እንዴት እንደሚዘራና እንደሚበላ አጠኑ። ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ1979 ወጣ። ከዚያ ጽሑፍ የሚገኘው ቁም ነገር ቀላል ነው፤ የወሎ ገበሬ እነዚህን ማሽላዎች የሚያስቀምጠው እንደ ዋና እህል አይደለም። እሸት ናቸው። ለእሸትነት ደግሞ ነቀዝና ሻጋታ ከመድረሳቸው በፊት ስለሚበሉ ጉድለታቸው አይጎዳም። ቤተ ሙከራው ዘረ መሉን ሲወስድ አጠቃቀሙን እዚያው ትቶት ሄደ ማለት ይቻላል፤ አጠቃቀሙ የዘሩ ግማሽ አካል ነበር።

ረሃቡ በ1977 ዓ.ም. በከፋ መልኩ ተመለሰ። ባቲ ከትልልቆቹ የመጠለያ ካምፖች አንዷ ሆነች። ለገበሬ ከከብት ማለቅ የሚከፋው ዘር መብላት ነው፤ ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ዛላ ወርዶ ሲቆላ የሚቀጥለው ዓመትም አብሮ ይቆላል። በዕርዳታ የመጣው የውጭ ስንዴ ሆድ ቢያቆይም ለቃሉ ማሳ ዘር አይሆንም። ያን ጊዜ የአዲስ አበባውን የእጽዋት ዘረ ሀብት ማዕከል የሚመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ድጋፍ የተቋቋመ ሲሆን ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ባለሙያዎቻቸው ድርቅ ወደመታቸው አካባቢዎች እየወረዱ ዘሩ ከመበላቱ በፊት ናሙና ሰበሰቡ። ማዕከሉ ያስቀመጠው ዘር ደርቆ፣ በአሉሚኒየም ከረጢት ታሽጎ፣ ከዜሮ በታች ባለ ቅዝቃዜ የሚተኛ ነው። መላኩ ግን ዘር እዚያ ብቻ ተኝቶ መቅረት የለበትም ብለው ያምኑ ነበር። በባንክ ያለ ዘር የተሰበሰበበት ዓመት ቅጂ ሆኖ ይቀራል፤ ማሳ ያለው ግን ከድርቁ፣ ከአረሙና ከነፋሱ ጋር ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ከካናዳ ድርጅት ጋር የተጀመረው የዘር ማትረፍ ፕሮግራም በሸዋና በወሎ ገበሬዎች የራሳቸውን ዝርያ እያባዙ እንዲያሻሽሉ አደረገ። መላኩ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል በሚባለው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ።

የገበሬው ዕውቀት በቁጥር የተፈተነበት ጊዜም ደረሰ። አወገቸው ተሾመ ከካናዳ ባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ የማሽላ ማሳዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጽሑፍ፣ ገበሬዎች የሚሰጡት ስም ከተክሉ የሚለካ ባሕርይ ጋር እንደሚስማማ አሳዩ። ስሙ ዝም ብሎ የወጣ አልነበረም። ሰው ሁለት ማሽላዎችን በሁለት ስም ከጠራቸው በእርግጥም ሁለት ናቸው። ከዚያ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ሁለት ዝርያዎችን በቁጥራቸው ለይቶ ያወጣው ቤተ ሙከራ፣ ልዩነታቸውን ቀድመው የሰየሟቸውን ሰዎች ቢጠይቅ ኖሮ ሥራው ይቀልለት ነበር።

የፐርዱና የወሎ ግንኙነት በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልቀረም። አክስቴል እ.ኤ.አ. በ1973 ማሽላ ለመሰብሰብ ኢትዮጵያ በመጣበት ጊዜ ከዓለማያ የተመረቁ ገቢሳ ኤጄታ የሚባሉ ወጣት ረዱት፤ እሱም ወደ ፐርዱ ወሰዳቸው። ገቢሳ ያደጉት በምዕራብ ሸዋ ቢሆንም ሥራቸው ዞሮ ወሎ ደረሰ። አቀንጭራ የማሽላን ሥር ተጣብቆ የሚመጥ ጥገኛ አረም ሲሆን፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ የሚቆየው ከማሽላ ሥር የሚወጣውን የኬሚካል ምልክት እስኪያሸት ነው። ገቢሳ ያወጧቸው ዝርያዎች ሥር የሚያመነጨው ምልክት የተለየ ነው፤ አቀንጭራው አያሸተውም፣ አይበቅልምም። ይህን የሚያደርገው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ2017 በፐርዱ ተለይቶ ታወቀ። ከእነዚህ ዝርያዎች ሁለቱ በኢትዮጵያ ተለቀው ጎቢዬና አብሽር ተባሉ፤ ጎቢዬ የሰሜን ወሎ ከተማ ስም ነው። ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። የተሻሻሉት ማሽላዎች ቶሎ ይደርሳሉ፣ ድርቅንም ያመልጣሉ። የገበሬው ቅሬታ ግን አገዳቸው ላይ ነው። ረጅሙ የአገር ማሽላ ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለቤት ግድግዳ ይሆናል፤ አጭሩ ለአንዱም አይበቃም። በዚያ ላይ ከሌላው ቀድሞ ስለሚያሽት ግሪሳ ሁሉ የሚሰፍረው እሱ ላይ ነው።

የባለቤትነት ጥያቄው በሕግ የተነሳው ዘግይቶ ነው። የወሎ ናሙናዎች በወጡበት ዘመን የእጽዋት ዘር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ተደርጎ ይታይ ስለነበር ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥርዓት አልነበረም። የብዝኃ ሕይወት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1992 ያን አስተሳሰብ ለወጠው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1994 አጸደቀች። በድርድሮቹ የአፍሪካን ወገን ይመሩ ከነበሩት አንዱ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ፤ ሕይወት ያለው ነገር በፓተንት ሊያዝ አይገባም የሚል ጽኑ አቋም ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በአፍሪካ አንድነት ድርጅት የወጣው የሞዴል ሕግም ይህንኑ ይዟል። በአገር ቤት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዘረ ሀብትን ለመውሰድ ፈቃድ እንዲያስፈልግ፣ ከጥቅሙም ማኅበረሰቡ እንዲካፈል ደነገገ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 481/1998 ደግሞ የአዳቃዮችን መብት ሲደነግግ ገበሬው ዘር የማስቀመጥና የመለዋወጥ ልማዱን ጠበቀለት።

በወረቀት የሰፈረ መብት ብቻውን እንደማይበቃ ያሳየው ጤፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጥቅም መጋራት ውል ተፈራረመች። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰረ። ኢትዮጵያ ያገኘችው ጥቂት ሺህ ዩሮ ሲሆን ፓተንቱ ግን በሌላ ስም ቀጠለ። የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድስ ውስጥ የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ምክንያቱም ፈጠራ ለመባል የሚያበቃ ነገር ስላልነበረው ነው። ይህን ለማወቅ ለማንኛዋም እንጀራ ጋጋሪ ችሎት መቀመጥ አያስፈልጋትም ነበር።

አሁን ክሎኒንግ ወደ ማሳው በአዲስ መልክ እየተመለሰ ነው። የተዳቀለ ዘር በመጀመሪያው ዓመት ምርታማ ነው፤ ፍሬው ተመልሶ ሲዘራ ግን ባሕርዩ ይበታተናል። ገበሬው በየዓመቱ እንዲገዛ የሚገደደው ለዚህ ነው። በአሜሪካ ዴቪስ የሚገኝ ቡድንና የቻይና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በየፊናቸው ባወጡት ሥራ፣ ሩዝ ያለ ድቅለት ከእናቱ ጋር አንድ የሆነ ዘር እንዲያፈራ አደረጉ። ፍሬው ዘር ቢመስልም በእውነቱ ክሎን ነው። ይኸው ዘዴ ለማሽላም እየተፈለገ ነው። ከተሳካ የቆላው ገበሬ የተዳቀለ ማሽላውን እንደ አያቶቹ ከምድጃው በላይ ሰቅሎ ሊዘራው ይችላል፤ ዘዴውን በፓተንት የያዘው ወገን ከፈቀደለት። ማሳው ግን እንደ ድንቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ አንዱን የሚያጠቃ በሽታ ሁሉንም ያገኘዋል።

ሌላም ነገር ይቀራል። እንዲህ ባለው ዘር ውስጥ ሥውር ዘረ መል ከአንድ ወገን ብቻ ቢኖር ከእናት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ያልፋል እንጂ ወደ ብርሃን አይወጣም። ወተት በጉንጬ የወጣው ግን በራስ ድቅለት መንገድ መሆን አለበት። ሥውሩን ዘረ መል ከአንድ ወገን ብቻ የያዘ ማሽላ ራሱን በራሱ ሲያዳቅል፣ ባሕርዩ በውርስ ሕግ መሠረት ከአራት ፍሬ በአንዱ ላይ ይገለጣል። ስለዚህ ይህ ዘር መጀመሪያ በሰው ዓይን የገባው፣ በአንድ የወሎ ማሳ ላይ ከሌሎቹ በማይለይ ዛላ ውስጥ፣ በየአራቱ አንድ ፍሬ ጨምደድ ብሎ ሲታይ መሆን አለበት። ያንን ያየ ሰው የታመመ መስሎት ሊጥለው ይችል ነበር፤ ቀምሶት አስቀመጠው።